የንጉሥን ሸሚዝ ያቀበሉ መኳንንት

ከ16ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ታላላቅ መኳንንት ንጉሥን ማልበስን፣ ገበታውን ማስተናገድን፣ ፈረሱን ማቅረብንና ማታ እስከ አልጋው መሸኘትን የክብር ሁሉ ቁንጮ አድርገው ይቆጥሩ ነበር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአገሩ ሰፊ ርስት፣ የድንጋይ ግንብና ብዙ ጭሰኛ ያለው ዱክ በንጉሥ እልፍኝ ውስጥ ሸሚዝ የማቀበል ተራው እንዳይነጠቅበት አጥብቆ ይከራከራል። ለዛሬ አንባቢ ይህ ሎሌነት ይመስላል። በዘመኑ ግን መኳንንትነት ምን ማለት እንደሆነ የሚወሰነው ከጊዜ ወደ ጊዜ በዚያ እልፍኝ ውስጥ ሆነ። ባላባቱ በርስቱ ላይ የሚያዝ ጌታ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ንጉሥ ከአጠገቡ የሚያቆመው ሰው መሆን ነበረበት።

የአገልግሎቱ ሥር ከመካከለኛው ዘመን ይመዘዛል። የባላባት ልጅ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሞላው ከአባቱ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላ ጌታ ቤት ይላካል፤ እዚያም ብላቴና ሆኖ ሥጋ መቁረጥ፣ ጽዋ ማቅረብ፣ ፈረስ መጫንና መሣሪያ መያዝ እየተማረ ያድጋል። ትልልቆቹ መሳፍንት ራሳቸው የግብር ቤት ሹመት ነበራቸው። በ1356 የወጣው «የወርቅ ማኅተም» የተባለው የጀርመን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት አዋጅ ንጉሠ ነገሥቱን ከሚመርጡት መካከል የቦሄሚያን ንጉሥ ጽዋ አቅራቢ፣ የብራንደንቡርግን ገዢ እልፍኝ አስከልካይ አድርጎ ሰይሟል። ስለዚህ ጌታን ማገልገል ለክቡር ሰው ነውር ሆኖ አያውቅም፤ የሚያዋርደው ከራስ በታች የሆነን ሰው ማገልገል ነበር።

በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተለወጠው የአገልግሎቱ ስፋትና ቋሚነት ነው። መድፍ የባላባቱን ግንብ የሚንድበት ዘመን መጣ፤ ብዙ እግረኛ ጦር በደመወዝ ማቆም የሚችለውም ግብር የሚሰበስብ ንጉሥ ብቻ ሆነ። የጦር አዛዥነት፣ የጠቅላይ ግዛት ገዢነት፣ ጵጵስና፣ ጡረታ፣ ጥሩ ጋብቻ ሁሉ ከአንድ ቤት ይታደሉ ጀመር። ከዚያ ቤት የራቀ ባላባት ርስቱ ቢሰፋም እጁ ባዶ ይቀራል። ደጅ የጠና ግን ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለወንድሙ፣ ለእህቱ ልጅና ለአገሩ ሰዎችም ይተርፋል።

የቤተ መንግሥት ሥርዓትን ወደ ጥበብ ያደረሱት የቡርገንዲ ዱኮች ናቸው። ኦሊቪዬ ደ ላ ማርሽ በ1474 የዱኩን የደፋሩ ቻርልስን ቤት አሠራር ዘርዝሮ ጽፏል። ዳቦው፣ ወይኑ፣ ሥጋውና የፈረስ ቤቱ እያንዳንዱ የራሱ ክፍልና የራሱ ባላባት ሹም ነበረው፤ የዱኩ ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍም ቅደም ተከተሉ የተወሰነ ነበር። የቡርገንዲ ዱኮች የወንድ ዘር ሲቋረጥ ሥርዓቱ በጋብቻ ወደ ሃብስበርግ ቤት ገባ። በ1548 ንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ የልጁ የፊሊፕ ቤት በዚሁ በቡርገንዲ ወግ እንዲደራጅ አዘዘ፤ የቤቱ አዛዥ ሆኖ የተሾመውም ታላቁ የጦር ሰው የአልባ ዱክ ነበር። የስፔን ቤተ መንግሥት ለሚቀጥሉት ሁለት መቶ ዓመታት የታወቀበት ዝግታና ጥብቅነት የመጣው ከዚህ ነው።

የባላባቱ አካልም አብሮ ተለወጠ። ባልዳሳሬ ካስቲልዮኔ በ1528 በቬኒስ ያሳተመው «የቤተ መንግሥት ሰው» የተባለ መጽሐፍ በኡርቢኖ ቤተ መንግሥት ተደረገ የሚለውን የምሽት ጭውውት ይተርካል። የእሱ ፍጹም ባላባት መጀመሪያ የጦር ሰው ነው፤ ነገር ግን ላቲን ማንበብ፣ መሣሪያ መጫወት፣ መጨፈርና መናገር አለበት። ይህን ሁሉ ሲያደርግም ልፋቱ ሊታይበት አይገባም። መጽሐፉ በ1534 በስፓኒሽ፣ በ1561 በእንግሊዝኛ ወጥቶ በመላው አውሮፓ የባላባት ልጆች መማሪያ ሆነ። በ1594 አንቷን ደ ፕሉቪኔል በፓሪስ የከፈተው የፈረስ ትምህርት ቤት ደግሞ ከግልቢያ ጋር የሰይፍ ጨዋታና ጭፈራ ያስተምር ነበር። ባላባት በዘሩ ብቻ ሳይሆን በአረማመዱ፣ ባርኔጣውን በሚያነሳበት እጅና እጅ በሚነሳበት አኳኋን እንዲታወቅ ይጠበቅ ጀመር። ሀብታም ነጋዴ ርስት መግዛት ይችላል፤ ይህን የአካል ልማድ ግን ከልጅነቱ ካላደገበት በቀላሉ አያገኘውም። በዚህ ምክንያት የቤተ መንግሥት ወግ መኳንንቱን ለንጉሥ ያስገዛቸውን ያህል ከበታቻቸው ካሉት ለይቶ አጥሮላቸዋል።

በእንግሊዝ የሄንሪ 8ኛ የቅርብ ሰው ንጉሡ ሲጸዳዳ የሚያገለግለው ባለሟል ነበር። ሥራው የቤት አሽከር ሥራ ይመስላል፤ ሹሙ ግን የውስጥ እልፍኙ አገልጋዮች ሁሉ አለቃ ነው፤ የንጉሡንም የግል ገንዘብ ይይዛል። ከንጉሡ ጋር ብቻውን የሚሆን ሰው ጉዳይ ማቅረብ ይችላልና ሚኒስትሮች ሳይቀሩ ይፈሩታል። ቅርበቱ አደጋም ነበረው፤ ሹመቱን የያዘው ሄንሪ ኖሪስ ከንግሥት አን ቦሊን ጋር ተከሶ በግንቦት 1536 አንገቱን ተቀላ። ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት በነገሠች ጊዜ የእልፍኙ አገልግሎት ወደ ሴቶች ተላለፈ፤ ወንዶቹ መኳንንት ጉዳያቸውን በሚስቶቻቸውና በእህቶቻቸው በኩል ማስገባት ግድ ሆነባቸው።

በስፔን ታላላቆቹ፣ ግራንዴ የሚባሉት፣ በንጉሥ ፊት ባርኔጣ አድርገው የመቆም መብት ነበራቸው። ሥልጣን ግን የሚገኘው ከባርኔጣው ሳይሆን ከቁልፉ ነው። የፊሊፕ 3ኛ ባለሟል የሌርማ ዱክም ሆነ የፊሊፕ 4ኛው የኦሊቫሬስ ካውንት-ዱክ ሁለት የቤት ሹመቶችን ደርበው ይዘዋል፦ የእልፍኙን አለቅነትና ባልደራስነትን። ንጉሡ ቤት ሲውል የእልፍኙ አለቃ አይለየውም፤ ፈረስ ላይ ሲወጣ ባልደራሱ ከጎኑ ነው። ሁለቱን የያዘ ሰው ማን ከንጉሥ ጋር እንደሚነጋገር ቀንና ሌሊት ያውቃል። መንግሥቱን በእጃቸው ያስገባላቸው ይህ ነው።

አገልግሎት መኳንንትነትን ሊፈጥር እስከምን እንደሚችል፣ የትስ ላይ እንደሚቆም የሠዓሊው የዲዬጎ ቬላስኬዝ ታሪክ ያሳያል። ቬላስኬዝ በ1599 በሴቪል ተወለደ፤ በ1623 የፊሊፕ 4ኛ ሠዓሊ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜውን ሙሉ የተጋው የሥዕል ሳይሆን የቤት ሹመት መሰላል ለመውጣት ነበር፦ በ1627 የእልፍኝ በረኛ፣ ቀጥሎ የልብስ ቤት ረዳት፣ በ1643 የእልፍኝ ረዳት፣ በ1652 የቤተ መንግሥቱ ማረፊያ ሁሉ ኃላፊ ሆነ። በ1656 የሣለው «ላስ ሜኒናስ» የአገልግሎት ሥዕል ነው። አንዲት የባላባት ልጅ ተንበርክካ ለትንሿ ልዕልት ለማርጋሪታ ውሃ በቀይ የሸክላ ዋንጫ ታቀርባለች፤ ሌላዋ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳለች፤ ከኋላ በሩ ላይ የንግሥቲቱ ማረፊያ ኃላፊ ቆሟል። ሠዓሊው ራሱ ቡሩሹን ይዞ፣ የሹመቱን ቁልፍ ወገቡ ላይ ሰክቶ ከእነሱ ጋር ይታያል። ንጉሡ የቅዱስ ያዕቆብን ማኅበር ፈረሰኛነት ሊሰጠው በፈለገ ጊዜ መርማሪዎች ከመቶ በላይ ምስክር ሰሙ። ሱርባራንና አሎንሶ ካኖን የመሳሰሉ ሠዓሊዎች ቬላስኬዝ ሱቅ ከፍቶ ሥዕል ሸጦ እንደማያውቅ መሰከሩለት፤ በእጅ ሙያ መተዳደር ከባላባትነት ያስወጣ ነበርና። ያም ሆኖ የማኅበሩ ጉባኤ የዘር ሐረጉን አላመነበትም፤ የሮማው ጳጳስ ፈቃድ አስፈልጎ በኅዳር 1659 ፈረሰኛ ሆነ። ዛሬ በሥዕሉ ላይ በደረቱ የሚታየው ቀይ መስቀል የዚያ ማኅበር ምልክት ነው። በሚቀጥለው ዓመት የስፔኗ ልዕልት ማሪያ ቴሬሳ ለፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ስትዳር የስፔንን ወገን ድንኳንና አዳራሽ ያሰናዳው እሱ ነው፤ ከድካሙ ተመልሶ በነሐሴ 1660 ሞተ።

ያቺ ልዕልት የሄደችበት የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የዚህ ሁሉ ታሪክ ማዕከል ሆነ። ሉዊ 14ኛ ልጅ ሳለ ከ1648 እስከ 1653 በቆየው የፍሮንድ አመፅ ከፓሪስ በሌሊት መሸሽን አይቷል፤ ከአመፁ መሪዎች አንዱ የገዛ ዘመዱ ታላቁ ኮንዴ ነበር። ኮንዴ ለስፔን ወግኖ ከተዋጋ በኋላ ምሕረት አግኝቶ ተመለሰ። ይህ የጦር ሰው በዘሩ የሚወርደው አንዱ ማዕረግ የንጉሡ ቤት ታላቅ አዛዥነት ነበር። የፍሮንድ ልጆች የቬርሳይ አገልጋዮች ሆኑ ሲባል የሚታሰበው እንዲህ ያለው ሰው ነው። ቤተ መንግሥቱ በግንቦት 1682 ቬርሳይ ሲገባ የንጉሡ ቀን ከመነሻው እስከ መኝታው የተደነገገ የአገልግሎት ሥርዓት ሆነ።

ጠዋት ስምንት ሰዓት ገደማ በአውሮፓውያን ሰዓት፣ በዚያው ክፍል ያደረው ቀዳሚው የእልፍኝ አገልጋይ ንጉሡን ይቀሰቅሳል። ሐኪሞቹ ይገባሉ። ከዚያ «ታላቁ መግቢያ» ያላቸው ይጠራሉ፦ የእልፍኙ ታላቅ አለቃ፣ በየዓመቱ ተራ የሚገቡት አራቱ የእልፍኝ ቀዳሚ ባላባቶች፣ የልብስ ቤቱ ታላቅ አለቃ። ሌሎች በየደረጃቸው ቡድን በቡድን እየተለቀቁ ክፍሉ እስኪሞላ ይገባሉ። የሌሊት ልብሱን ቀኝ እጅጌ አንዱ፣ ግራውን ሌላው ይስባል። የቀኑን ሸሚዝ ግን የሚያቀብለው በቦታው ካሉት በማዕረግ የሚበልጠው ነው፦ አልጋ ወራሹ ካለ እሱ፣ ከሌለ ከንጉሡ ዘር የሆነ ልዑል፣ እሱም ከሌለ የእልፍኙ ታላቅ አለቃ። ማታ ንጉሡ ሲተኛ ሻማ የሚይዝለትን ሰው ራሱ በስም ይጠራል። ክፍሉ በብርሃን ተሞልቶ ሳለ ያቺ ሻማ ምንም ጥቅም የላትም፤ ማን እንደተጠራ ግን በማግሥቱ ቬርሳይ ሁሉ ያወራዋል። ዱክ ደ ሴን ሲሞን በ1702 ጦሩን በለቀቀ ሰሞን ሻማዋ ለእሱ እንደተሰጠች ከብዙ ዓመት በኋላ በትዝታ መጽሐፉ መዝግቦታል።

ሌሎችም ምልክቶች ነበሩ። ዱሸሶች በንግሥቲቱ ፊት ድጋፍ የሌለው በርጩማ ላይ የመቀመጥ መብት ነበራቸው፤ ሌሎቹ ወይዛዝርት ይቆማሉ። ንጉሡ በፈቃድ ወረቀት ብቻ የሚለበስ ሰማያዊ ባለጥልፍ ኮት ለጥቂቶች ይሰጥ ነበር። ማርሊ ወደምትባለው ትንሽ ቤተ መንግሥቱ አብሮት የሚሄደው ሰው ስም በዝርዝር ይወጣል፤ የሚለምኑት ብዙ፣ የሚመረጡት ጥቂት ናቸው። ቬርሳይ ለማይመጣ ባላባት ጉዳይ ሲቀርብለት ደግሞ ሰውየውን አይቶት እንደማያውቅ ይመልስ እንደነበር ሴን ሲሞን ይናገራል። ይህን ሁሉ እንደ ከንቱ ጨዋታ ማየት ስህተት ነው። ማዕረግ በዓይን በሚታይበት ዓለም ውስጥ በርጩማው የቤተሰቡ ጋብቻ፣ የልጁ ሹመት፣ የብድሩ ዋስትና ጭምር ነበር።

ሹመቶቹ ራሳቸው ሀብት ነበሩ። ታላላቆቹ የእልፍኝ ማዕረጎች በመቶ ሺዎች ሊቭር ይሸጡ ይገዙ ነበር፤ ንጉሡ ሲፈቅድ ልጅ ከአባቱ ይወርሳቸዋል፣ ወይም ተተኪው ለቀድሞው ሹም ቤተሰብ ገንዘብ እንዲከፍል ይታዘዛል። ንጉሡ ዕዳ ይከፍላል፣ ለሴት ልጅ ጥሎሽ ይሰጣል፣ ጡረታ ይቆርጣል። በአንጻሩ ለልብስ፣ ለሠረገላ፣ ለቁማርና ለአገልጋይ ደመወዝ የሚወጣው ወጪ ብዙ ቤቶችን በዕዳ ዘፈቃቸው። የእልፍኙ ባላባት ያለ ንጉሥ ስጦታ መኖር አይችልም፤ ስጦታውን ለማግኘት ደግሞ መኖር የማይችለውን ኑሮ መኖር አለበት።

ሴቶች በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዳር ቆመው ተመልካች አልነበሩም። የንግሥቲቱ ቤት ከንጉሡ ቤት ጋር የሚመሳሰል የደንገጡሮችና የሹማምንት መሰላል ነበረው፤ የባላባት ልጅ በዚያ አድጋ ትዳር ታገኛለች፣ ባሏ በእሷ በኩል ይሾማል። የሥርዓቱን ክብደት የሉዊ 16ኛን ንግሥት ማሪ አንቷኔትን ያገለገለችው ማዳም ካምፓን በትዝታ መጽሐፏ እንዲህ ትተርካለች። በአንድ የክረምት ጠዋት ንግሥቲቱ ልብሷን አውልቃ ሸሚዝ ትጠብቃለች፤ ሸሚዙ በካምፓን እጅ ነው። የወይዛዝርቱ አለቃ ትገባለች፤ በማዕረግ ትበልጣለችና ጓንቷን አውልቃ ሸሚዙን ትወስዳለች። በሩ ይጫራል፤ ቬርሳይ ላይ በር አይንኳኳም፣ በጥፍር ይጫራል እንጂ። የኦርሌያን ዱሸስ ትገባለች፤ ሸሚዙ ወደ ካምፓን ተመልሶ ከእሷ ወደ ዱሸሷ ያልፋል። በሩ ደግሞ ይጫራል፤ የንጉሡ ወንድም ሚስት የፕሮቫንስ ካውንቴስ ትመጣለች፤ ሸሚዙ አሁንም እጅ ይለውጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ንግሥቲቱ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ትንቀጠቀጣለች። ከሴቶቹ አንዷ ተራዋን ብትተው ለራሷ ብቻ ሳይሆን ለቤቷ ዘር ሁሉ መብት እንደተወች ይቆጠር ነበርና ማንም አልተወችም።

በቪዬና ምልክቱ የወርቅ ቁልፍ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ የእልፍኝ ባለሟሎች ኮታቸው ላይ ከወገብ አካባቢ ያንጠለጥሉታል። በሌዎፖልድ ቀዳማዊ ዘመን፣ ከ1658 እስከ 1705፣ ቁልፉን ያገኙት ብዙ መቶዎች ናቸው፤ አብዛኛዎቹ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ያገለገሉ ወይም ጨርሶ በተራ ያልገቡ ነበሩ። ቁልፉ ግን ከስቲሪያ፣ ከቦሄሚያና ከሰሜን ጣልያን የመጡትን ባላባቶች በአንድ ቤት ስም አስተሳሰራቸው። እዚህ አገልግሎት ሃይማኖትንም ይጠይቅ ነበር። የሊክተንስታይኑ ካርል በ1599 ከፕሮቴስታንትነት ወደ ካቶሊክነት ተመለሰ፤ በዓመቱ የንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ 2ኛ ቤት አዛዥ ሆነ። የቦሄሚያ ፕሮቴስታንት ባላባቶች በ1620 በነጭ ተራራ ጦርነት ከተሸነፉ በኋላ በፕራግ አደባባይ የ27 የአመፅ መሪዎችን መገደል የመራው እሱ ነበር። ከተወረሰው ርስት ብዙውን ያገኙትም እንደ እሱ ለቤተ መንግሥቱ ያደሩ ቤቶች ናቸው።

ሁሉም አገር በአንድ መንገድ አልሄደም። በሩሲያ የቦየሮቹ ቤቶች በገበታና በዘመቻ ማን ከማን እንደሚቀድም የሚከራከሩባቸው የዘር መዛግብት በ1682፣ ልክ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት በሆነበት ዓመት፣ ተቃጠሉ። ታላቁ ጴጥሮስ በ1722 ባወጣው የማዕረጎች ሠንጠረዥ ደግሞ የጦሩን፣ የሲቪሉንና የቤተ መንግሥቱን አገልግሎት በ14 ደረጃ ከፈለ፤ በጦር የመኮንንነት፣ በሲቪል የስምንተኛ ደረጃ ማዕረግ የደረሰ ሰው ከነዘሩ መኳንንት ይሆናል። የሩሲያ ባላባት ከግዴታ አገልግሎት ነጻ የወጣው በ1762 ነው። በፕሩሲያ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ቀዳማዊ በ1713 ሲነግሥ የአባቱን ቤተ መንግሥት አብዛኛውን አሰናበተ፤ የፕሩሲያ ባላባት ማንነቱን ከእልፍኝ ይልቅ በንጉሡ ክፍለ ጦር ውስጥ አገኘ።

ተቺዎችም ከመጀመሪያው ነበሩ። አንቶንዮ ዴ ጌቫራ በ1539 ቤተ መንግሥትን የሚነቅፍ፣ የገጠር ኑሮን የሚያወድስ መጽሐፍ አሳተመ፤ ላ ብሩዬርም ከ1688 ጀምሮ ባሳተመው መጽሐፉ የቬርሳይን ሰዎች ያለ ምሕረት ሣላቸው። ሁለቱም ግን የሚያውቁትን ቤት ነው የነቀፉት፤ ጌቫራ የካርል 5ኛ ሰባኪ፣ ላ ብሩዬር የኮንዴ ቤት አስተማሪ ነበሩ።

ኖርበርት ኤልያስ በ1969 ባሳተመው ጥናት ሉዊ 14ኛ መኳንንቱን በሥርዓት አጥምዶ እንዳላመዳቸው ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ብዙ ዘመን ገዝቷል፤ ዛሬ ግን እንዳለ የሚቀበሉት ታሪክ ጸሐፊዎች ጥቂት ናቸው። ዊልያም ቢክ በ1985 የላንግዶክን ጠቅላይ ግዛት መዝገብ መርምሮ ንጉሡና የአካባቢው ባላባቶች የግብሩን ገቢ እንደተካፈሉ አሳየ። ዬሩን ዱይንዳምም ንጉሡ ራሱ የሥርዓቱ እስረኛ እንደነበረ፣ ታላላቆቹ ቤቶችም በእልፍኙ ሹመት ሥልጣናቸውን እንዳጸኑ ተከራክሯል። ትክክለኛው ይህ ይመስላል። አገልግሎቱ ውል ነበር፤ ንጉሡ ታዛዥ አገኘ፣ መኳንንቱም ንጉሡን አገኙ። ደግሞም አብዛኛው የፈረንሳይ ባላባት ቬርሳይን ሳያይ ነው የሞተው። እሱን የነካው ሌላ ነገር ነበር፦ ከ1666 ጀምሮ መንግሥት የባላባትነት ማስረጃ በየአውራጃው ሲመረምር ወረቀት ማቅረብ ያልቻለ ግብር እንዲከፍል ተደረገ። መኳንንትነት እንግዲህ በጎረቤት ዘንድ የታወቀ ነገር ከመሆን አልፎ በንጉሥ ጸሐፊ የሚረጋገጥ ሆነ።

የቤተ መንግሥቱ በር እየጠበበ ሄደ። በ1760 የወጣው ደንብ ለንጉሡ መቅረብና በሠረገላው አደን መሄድ የሚፈልግ ሰው ዘሩን እስከ 1400 ድረስ በሰነድ እንዲያስረዳ ጠየቀ። በ1787 ከብሪታኒ የመጣው ወጣቱ ሻቶብሪያን፣ ገንዘብ የሌለው የጥንት ቤት ልጅ፣ ይህን አልፎ ለሉዊ 16ኛ ቀረበ። ብዙ ሀብታምና የተማረ አዲስ ባላባት ግን ውጭ ቀረ፤ ቅሬታውም በባላባቶቹ መካከል ጭምር ተከማቸ። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ፣ በሚያዝያ 1790፣ ብሔራዊ ምክር ቤቱ የንጉሡን የስጦታ መዝገብ «ቀዩን መጽሐፍ» አሳተመ፤ ሕዝብ የእልፍኙን ዋጋ በቁጥር አነበበ። ሰኔ 19 ቀን 1790 የዘር መኳንንትነት፣ ማዕረጉ፣ ዓርማውና የአሽከሮች መለያ ልብስ በሕግ ተሻሩ። በዚያ ምሽት ለሽረቱ ከተናገሩት አንዱ ቪኮንት ደ ኖዋይ ነበር፤ እናቱ ማሪ አንቷኔት «ማዳም ኤቲኬት» ብላ የሰየመቻት፣ የንግሥቲቱ የመጀመሪያዋ የወይዛዝርት አለቃ ናት። እናቱና አባቱ ሰኔ 27 ቀን 1794 በፓሪስ በጊዮቲን ተገደሉ።